ሃያ ሦስት ኪሎ ተኩል

የእህል መጋዘኑ በር ላይ አሥራ አንድ ዓመት የቆመው ሚዛነኛ አይታለልም ይባልለት ነበር፤ ደግሞም እውነት ነው። ጆንያ ከመኪና ወርዶ የሚዛኑ ብረት ላይ ሲያርፍ የሚያሰማውን ድምፅ ብቻ ሰምቶ፣ "ይሄኛው ሆዱ ውስጥ ድንጋይ አለ፤ ይፈታ" ይላል። ይፈታል፤ ድንጋዩም ይወጣል። እህሉ ውሃ ተረጭቶበት እንደሆነ ጆንያውን በእጁ ጀርባ ዳበስ አድርጎ ያውቀዋል። አንድ ጊዜ አንድ ነጋዴ አሸዋ በፌስታል ጠቅልሎ ስንዴው መሐል ቀብሮ መጣ። ሚዛነኛው ረጅሙን የብረት መውጊያ ጆንያው ውስጥ ሁለት ጊዜ ሰደደና፣ "ስንዴውን እዚህ አራግፍ፣ አሸዋውን ግን ይዘህ ተመለስ፤ ቤት መሥራትህ አይቀርም" አለው። ተሸካሚዎቹ ይህን ባወሩ ቁጥር ዛሬም ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ።

እሱ ራሱ ብዙም አይስቅም። ቃል ከአፉ የሚወጣው ከተቀደደ ጆንያ እንደሚንጠባጠብ እህል ነው፤ አንድ፣ ከዚያ ቆይቶ ደግሞ አንድ።

ቤቱ እዚያው ግቢ ውስጥ ነው፤ ከሚዛኑ ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው። ሁለት ክፍል፣ አንድ መስኮት፣ ከውስጥ ያልተቀባ የጣውላ በር። ሚስቱ የታመመች ጊዜ ሐኪሙ ብዙ ነገር ነግሮት ነበር፤ ከዚያ ሁሉ ውስጥ የገባው አንዱ ብቻ ነው፦ "ክብደቷን ተከታተል። መቀነስ ካበዛች ሳትውል ሳታድር አምጣት።" ክብደት ሥራው ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት፣ የመጨረሻው መኪና ከወጣ በኋላ፣ ሚስቱን በክንዷ ደግፎ ሚዛኑ ላይ ያቆማትና ቁጥሩን በበሩ ጀርባ በጠመኔ ይጽፈዋል። ሃምሳ ስምንት ብሎ ጀመረ። ሃምሳ ስድስት ተኩል። ሃምሳ አምስት። ልጃቸው ያን ጊዜ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ ቁጥር ማንበብ የለመደችው ከትምህርት ቤት ይልቅ ከዚያ በር ላይ ነው ማለት ይቻላል። እናትየው አልጋ ላይ ሆና፣ "እስቲ ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ" ትላታለች፤ ልጅቱም ጣቷን እያስኬደች ታነብላታለች።

አርባ አራት ላይ ሲደርስ አባትየው ሚስቱን ይዟት ሆስፒታል ሄደ። አስተኛት። ጊዜው እህል የሚገባበት ወቅት ነበርና፣ መኪናውም በር ላይ ተሰልፎ ስለነበር፣ በማግስቱ ወደ ሚዛኑ ተመለሰ። በአምስተኛው ቀን መርዶው ሲመጣ ያገኘው ስንዴ ሲመዝን ነው። ጆንያው ሚዛኑ ላይ ነበር። ቁጥሩን ሳያነብ አወረደው፤ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ሳይነበብ የወረደ ጆንያ ያ አንዱ ብቻ ነው።

ከቀብር በኋላ የበሩን ጀርባ በእርጥብ ጨርቅ ጠረገው። ጠመኔው ግን ወደ ጣውላው ጠልቆ ኖሮ፣ ጠዋት ፀሐይ በመስኮት ገብታ በሩ ላይ ስታርፍ ቁጥሮቹ ደብዘዝ ብለው ይመለሳሉ።

ልጅቱን ተሸካሚዎቹ "ኩንታል" ይሏታል። ከጨቅላነቷ ጀምሮ ደቃቃ ስለሆነች ነው። "ኩንታል መጣች፤ ሚዛኑን ደግፉት፣ እንዳይሰበር" ይላሉ፤ እሷም ድሮ እየተንገዳገደች፣ የከበደች መስላ፣ በመሐላቸው ታልፍ ነበር። እናቷ ከሞተች ወዲህ ግን አንገቷን ደፍታ ታልፋለች። እነሱ ቀልዱን አልተዉትም፤ ከተዉት ደግሞ ምን እንደሚሉ አላወቁም።

አባቷ ማባበል አያውቅበትም። ልጅ ስትተክዝ ምን እንደሚባል አያውቅም። ፀጉሯን የእናቷ እህት እሑድ እሑድ እየመጣች ትሠራላታለች። እሱ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ ስለዚህ እናቷ በሞተች በሦስተኛው ሳምንት፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ልጁን አምጥቶ ሚዛኑ ላይ አቆማት። ሃያ ሦስት ኪሎ ተኩል። አዲስ ጠመኔ ከኪሱ አውጥቶ በበሩ ጀርባ ጻፈው። የሚቀንስ ነገር ካለ ቀድሜ አውቃለሁ፣ ካወቅሁ ደግሞ አይቀድመኝም፣ ብሎ አሰበ። ፍቅሩ ይኸው ነበር፤ ሌላ ፍቅር ማሳየት ስላላወቀ ሁሉንም እዚያ ቁጥር ላይ ጫነው።

በሁለተኛው ቅዳሜ ሃያ ሦስት ሆነች። በሦስተኛው ሃያ ሁለት ተኩል። ያን ቀን ቁጥሩን ሲጽፍ ጠመኔው እጁ ላይ ተሰበረ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ጉልበቱን በሁለት እጁ ይዞ፣ እስኪመሽ ቆየ። የቀረበለትንም አልነካም። ልጅቱ ከመስኮቱ ሥር ቆማ አየችው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሃያ ሦስት ተኩል ሆነች።

"ጎበዝ" አላት። ፈገግም አለ። ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያው ነበር፤ ልጅቱም ያችን ፈገግታ እንደ ሽልማት ተቀበለቻት።

ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። ሃያ ሦስት ተኩል፣ ሃያ ሦስት ተኩል፣ ሃያ ሦስት ተኩል፤ በበሩ ጀርባ እንደ ሚስማር ተደርድሮ ወደ ታች ወረደ። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጅቱ የምትመጣው ወፍራም ካፖርት ለብሳ ነው። የእናቷ ነው፤ አክስቷ አሳጥራ ሰፍታላታለች። በሌላው ቀን አትለብሰውም። አባቷ ናፍቆት ነው ብሎ ተወው፤ ስለ ናፍቆት ማውራት ስለማይችል ስለ ካፖርቱም አላወራም።

አንድ ማክሰኞ መምህርቷ አስጠራችው። ወጣት ናት፤ ጠመኔ የነካ እጇን እያራገፈች ከክፍሉ ወጥታ ኮሪደሩ ላይ አነጋገረችው።

"ምሳዋን አትበላም" አለችው። "ከጎኗ ላለችው ልጅ ትሰጣታለች። ባለፈው ሳምንት በስፖርት ሰዓት ዓይኗ ጨልሞባት ሜዳው ላይ ቁጭ አለች። ስጠይቃት፣ ጫማዬ ውስጥ ጠጠር ገብቶ ነው አለችኝ።"

"ክብደቷ አልቀነሰም" አለ ሚዛነኛው።

"እንዴት?"

"በየሳምንቱ እመዝናታለሁ። ግማሽ ኪሎ እንኳን አልቀነሰችም።"

መምህርቷ ራሷን ወዘወዘች። "እኔ ስለ ኪሎ አላነሳሁም፤ ስለ ልጅዎ ነው የምነግርዎት። ቤት ውስጥ ማን ያወራታል?"

"ማለት?"

"ስትመጣ፣ ዛሬ ምን ሆንሽ፣ ማን አስከፋሽ፣ ማን አሳቀሽ የሚላት ማን ነው?"

ሚዛነኛው ባርኔጣውን በእጁ አዟዟረ። "እኔ አለሁ" አለ። መልሱ ለራሱም ቀለለው።

ያን ቀን እራት ላይ ሞከረ። "ትምህርት እንዴት ነው?"

"ደህና ነው።"

"ምሳሽን በላሽ?"

"በላሁ።"

ወሬው እዚህ ላይ አለቀ። ሳህኗን ወደ እሷ ገፋ አደረገና፣ የእሱን በእጁ ይዞ፣ ስንዴው በሸራ መሸፈኑን ሊያይ ወጣ። እንደ ልማዱ ቆሞ በላ። ሲመለስ የልጅቱ ሳህን ታጥቦ ተደፍቶ ነበር። ታጥቧልና በልታለች ማለት ነው፣ አለ በልቡ። መጋዘኑ በር ላይ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ማስረጃ አይቀበልም ነበር።

ሐሙስ ዕለት ከባድ ዝናብ ጣለ። ከትምህርት ቤቱ የሚያመጣው መንገድ መጋዘኑ በር አጠገብ ረግረግ ይሠራል። የተሸካሚዎቹ አለቃ ሽማግሌ ነው፤ "ጋሼ ትከሻ" ነው የሚባለው፤ አርባ ዓመት ጆንያ ተሸክሟል። ልጅቱ በዝናቡ ውስጥ በዩኒፎርም ብቻ ቆማ ውሃውን ስታይ አገኛትና፣ ሱሪውን ጠቅልሎ ገብቶ፣ ትከሻው ላይ አድርጎ አሻገራት። ሚዛኑ ካለበት ጥላ ሥር አወረዳት። እየሮጠች ወደ ቤት ገባች። ሽማግሌው ግን አልሄደም፤ ትከሻውን ወደ ኋላ ወደ ፊት እያሽከረከረ ቆመ።

"ይቺ ልጅ ስንት ናት?" አለ።

"ዕድሜዋን?"

"ዕድሜዋንማ አውቀዋለሁ። ኪሎዋን ነው እንጂ።"

"ሃያ ሦስት ተኩል።"

"አይደለችም።"

ሚዛነኛው ቀና አለ። "ቅዳሜ ነው የመዘንኳት።"

"እንግዲያው ሚዛንህ ታሟል። ይቺ ልጅ ሃያ አትሞላም።"

ከዝናቡ የተጠለሉት ተሸካሚዎች ተሳሳቁ። "ትከሻና ሚዛን ተጣሉ" አለ አንዱ። "ዳኛ ጥሩ።"

"ዳኛው ጋሼን ካላመነ ይሸከማትና ይፍረድ" አለ ሌላው።

"ትከሻ ያረጃል ጋሼ" አለ ሚዛነኛው፤ ድምፁ ቆጣ ብሎ ነበር። "የእኔ ሚዛን ግን ዋሽቶ አያውቅም።"

"ሚዛንህ ላይዋሽ ይችላል። ዓይን ሁሉን ያያል፣ ቅንድቡን ግን አያይም።" ሽማግሌው ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ሳቁም ከፊቱ ጠፋ። "አንስተሃት ታውቃለህ?"

"ምን?"

"ልጅህን። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን እንኳን ብድግ አድርገሃት ታውቃለህ ወይ ነው ያልኩህ።"

ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣሪያ ይደበድበዋል። ሚዛነኛው ጆንያ የሌለበትን ሚዛን መርፌ እያየ ቆመ። መርፌው ዜሮ ላይ ነው።

ሚዛንህ ታሟል ያለው ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም። ዓርብን ሙሉ አብከነከነው። ቅዳሜ ጠዋት፣ የመጀመሪያው መኪና ሳይገባ፣ ሊፈትሸው ተነሣ። ባለ ሃያ ኪሎውን የመፈተሻ ብረት ሚዛኑ ላይ አወጣ፤ ሃያ አለ። ግማሽና አንድ ኪሎውን ደግሞ ለመፈተሽ ትንንሾቹ ያስፈልጉታል፤ እነሱ ያሉት በቤቱ አልጋ ሥር፣ ጥንት ከተጣለ የሱቅ ሚዛን የተረፈ የእንጨት ሣጥን ውስጥ ነው። ብረት ቢሆኑም የሚዛን ድንጋይ ነው የሚባሉት። ሣጥኑ ለእያንዳንዱ ድንጋይ የተቦረቦረ ጎድጓዳ ማረፊያ አለው። ልጅቱ አክስቷ ዘንድ ተልካ ነበር። ጎትቶ አወጣውና ከፈተው።

ባለ አምስቱ አለ። ባለ ሁለቱ የለም። ባለ አንዱም የለም። ሁለቱ ግማሾች የሉም።

ሌባ አለ ብሎ አሰበ። ነገር ግን ዓይኑ ልማዱን አልተወም፤ ባዶዎቹን ማረፊያዎች ለየብቻ አየ። የባለ አንዱ ጎድጓዳ አቧራ ሞልቶበታል፤ ከተነሣ ብዙ ወር ሆኖታል። የባለ ሁለቱ አቧራ ቀጠን ይላል። የግማሾቹ ንጹሕ ነው፤ አንደኛው እንዲያውም የብረቱ ዘይት ገና እንጨቱ ላይ ያብረቀርቃል። በየተራ ነው የተነሡት። ሌባ ሣጥኑን እንዳለ ይወስዳል እንጂ በወር በወር ግማሽ ኪሎ አይሰርቅም።

አንድ፣ ሁለት፣ ግማሽ፣ ግማሽ። አራት። ከሃያ ሦስት ተኩል ላይ አራት ሲነሣ።

ሒሳቡን አልጨረሰውም። ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ ነበርና በሩ ላይ ከላይ የእናትየዋ ደብዛዛ ቁጥሮች፣ ከእነሱም በታች የልጅቱ ነጫጭ ቁጥሮች ይታያሉ። እንደ ሚስማር የተደረደሩት ሃያ ሦስት ተኩሎች። በአሥራ አንድ ዓመት ሥራው እንዲህ አሳምሮ ያታለለው ሰው የለም፤ እሷም ያታለለችው እንዳይከፋው ብላ ነው።

ከሰዓት በኋላ ልጅቱ መጣች። ካፖርቱን እስከ አንገቷ ቆልፋ፣ ሁለት እጇን ኪሷ ውስጥ ከትታ፣ እግሯን እየጎተተች። ሳትጠራ ሚዛኑ ላይ ወጣች። መርፌው ተወዛወዘና ቆመ።

"ሃያ ሦስት ተኩል" አለች፤ ራሷ አነበበችለት። ከዚያ ፊቱን አየች። ሁልጊዜ እንዲህ ታደርግ እንደነበረ አሁን ገባው፤ እሱ መርፌውን ሲያይ እሷ የምታየው እሱን ነበር።

የሌላ ሰው ጆንያ ቢሆን "ይፈታ" ይል ነበር። መውጊያው ግድግዳው ላይ ተደግፎ ቆሟል።

"ካፖርትሽን አውልቂ" አለ በመጨረሻ።

"ይበርደኛል።"

"ለአንድ አፍታ።"

"ሁልጊዜ ለብሼው ነው እኮ የምመዘነው አባዬ።"

ጠጋ አለና ብብቷን ይዞ ብድግ አደረጋት። አንድ ዓመት ሊሞላ ነው ሳያነሣት። ካፖርቱ ከባድ ነው፤ ውስጡ ያለችው ግን ባዶ ጆንያ ናት። የጎን አጥንቷ በልብሱ ላይ አውራ ጣቱን ቆረቆረው። ከካፖርቱ ጫፍ የተንጠለጠለ ብረት ቅልጥሙን መታው። ዝቅ ብሎ ሲያይ ገበሩ ተተርትሮ በጥቁር ክር ተመልሶ ተሰፍቷል፤ የልጅ ስፌት ነው፤ ሰፋፊ፣ ጠማማ፣ ብዙ ጊዜ ተፈትቶ ብዙ ጊዜ የተሰፋ። ልጅቱ አላቀፈችውም። እንደ ጣውላ ደርቃ ተንጠለጠለች።

"አትጻፈው" አለች።

"ምኑን?"

"ያለ ካፖርት ያለውን። አባዬ፣ አትጻፈው።"

"ለምን?"

"እማዬን ስትጽፋት ስትጽፋት አርባ አራት ሆነች። ከዚያ ወሰድካት። ከዚያ አንተ ብቻህን መጣህ።"

ሊያወርዳት ፈለገ፣ እጁ ግን እምቢ አለው፤ እንደተሸከማት ሚዛኑ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ብረቶቹ እርስ በርሳቸው ተጋጭተው ጮኹ።

"ለምንድነው የማትበዪው?"

"እበላለሁ። እዚህ ጋ ይቆማል።" ጉሮሮዋን ነካች። "እንዲወርድ እጠብቃለሁ፣ አይወርድም። ከዚያ አንተ ሳህንህን ይዘህ ትወጣለህ።"

የካፖርቷን ኮሌታ በእጁ አስተካከለ።

"ቀንሻለሁ አይደል?" አለች።

ሊዋሻት ይችል ነበር። "አዎ" አለ። "ቀንሰሻል።"

"ልትወስደኝ ነው?"

"አብረን እንሄዳለን።"

ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። ጮክ ብላ አይደለም፤ ድምጿን ዋጥ አድርጋ፣ ትልቅ ሰው እንደሚያለቅስ። አባቷ ጥቁሩን ክር በጥርሱ በጠሰና አራቱን ብረቶች አንድ በአንድ አወጣ፤ መሬት ሊያስቀምጣቸው ሲል ግን ልጅቱ እጇን ዘረጋች። ባለ አንዱን ወስዳ ያዘች። ተዋት።

በሩ ላይ ጋሼ ትከሻ ቆሞ ነበር። ሁሉን አይቷል፣ ያላየ ግን መስሏል።

"ሰኞ ሚዛኑን ይያዙልኝ" አለው ሚዛነኛው።

"እኔ? ቁጥር የማልለይ ሰው?"

"ትከሻ አለዎት።"

ሽማግሌው ሊስቅ አፉን ከፈተ፤ የልጅቱን ፊት አየና ዘጋው። "ሂድ" አለ። "በሩ ካንተ በፊትም ነበር፤ ዛሬም የትም አይሄድም።"

ያኑ ዕለት በሄዱበት ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል ያለው ሚዛን ነጭ ነው፤ አንድ ሰው ብቻ የሚያቆም። ልጅቱ ባየችው ጊዜ የአባቷን እጅጌ በሁለት እጇ ጨብጣ ወደ ኋላ ተሳበች። ነርሷ ደርባባ ሴት ናት፤ እንዲህ ያለ ልጅ ስታይ የመጀመሪያዋ አልነበረም።

"ግድ የለም የኔ ቆንጆ" አለች። "ብቻሽን አትወጪም። አባትሽ ተሸክሞሽ ይውጣ።"

ሚዛነኛው ጃኬቱን አውልቆ ወንበር ላይ ጣለና፣ ልጁን አቅፎ ወጣ። ሰባ ሰባት ተኩል። ልጅቱ ቁጥሩን አይታ ትንሽ ቀለል አላት፤ የማን ምን ያህል እንደሆነ አይታወቅም።

"አሁን እሷን ያውርዷትና እርስዎ ብቻዎን ይውጡ" አለች ነርሷ።

ብቻውን ወጣ። ሃምሳ ስምንት። ነርሷ ወረቀቷ ላይ መቀነስ ጀመረች።

"አሥራ ዘጠኝ ተኩል" አለች ልጅቱ፣ ነርሷ ሳትጨርስ።

"ሒሳብ ጎበዝ ነሽ።"

ልጅቱ አልሰማቻትም። የምታየው የራሷን ቁጥር አልነበረም። አባቷ ከሚዛኑ እስኪወርድ ድረስ ዓይኗን ከሃምሳ ስምንት ላይ አላነሣችም። ከበሩ ጀርባ፣ ከሁሉም በላይ፣ የእናቷ የመጀመሪያ ቁጥር እሱ ነበር።

ሐኪሙ ዓይኗን ገልጦ አየ፣ ደም አስወሰደ፣ ሆዷን ነካካ፣ ብዙ ጠየቀ። ለአባቷ ለብቻው እንዲህ አለው፦ "ደሟ አንሷል። እናስተኛታለን፤ ስንት ቀን እንደሆነ አሁን አልነግርዎትም። መድኃኒት አለን። ግን ይህ በመድኃኒት ብቻ የሚድን ነገር አይደለም፤ ልጅቱ ከፍርሃት ጋር ነው የምትኖረው።" ሚዛነኛው ራሱን ነቀነቀ። ሁለት ነገር ነው የተነገረው፤ በዚህ ጊዜ ሁለቱም ገቡት። ሁለተኛውን ግን በምን እንደሚመዝኑት አላወቀም።

አልጋዋ መስኮት አጠገብ ነው። እሑድ ከሰዓት ሾርባ መጣ። ወንበሩን ጠጋ አደረገና፣ ሌላ ማንኪያ ለምኖ፣ ከአንድ ሳህን ከእሷ ጋር መብላት ጀመረ። ከሚስቱ ሞት ወዲህ ተቀምጦ ሲበላ የመጀመሪያው ነው። ልጅቱ አንድ ማንኪያ ዋጠች። ቆይታ ሁለተኛውን። ሦስተኛው አፏ ውስጥ ቀረ። ወደ መሐረብ ተፋችውና ፊቱን አየች። ጎበዝ አላላትም፤ አልተቆጣትምም። እሱም ማንኪያውን አስቀመጠና አብሯት ጠበቀ።

"መቼ ነው የምትሄደው?" አለች።

"አልሄድም።"

"ነገ ሃያ መኪና ይመጣል ብለህ ነበር።"

"ይምጣ።"

"ያን ጊዜም መኪና ነበር" አለች። ስትወቅሰው አልነበረም፤ የምታውቀውን ነው የተናገረችው።

"ነበር" አለ። ከዚያ፣ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ቃሉ ወጣለት። "ትቻት መሄድ አልነበረብኝም። እናትሽን። መቆየት ነበረብኝ።"

ልጅቱ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ይቅር እንዳለችው ወይም እንዳላለችው ከጀርባዋ ማወቅ አልቻለም፤ መጠየቅም አልደፈረም።

ውሃ ሊያመጣላት ሲነሣ ጃኬቱ በአንድ ጎን ጎተተው። እጁን ኪሱ ውስጥ ሰደደ። ቀዝቃዛ ብረት ነካ። ባለ አንድ ኪሎው ድንጋይ ነው፤ ቁራጭ ጥቁር ክር ተጠምጥሞበታል። ዞር ሲል ልጅቱ ዓይኗን ጨፍና የተኛች መስላለች፤ ሽፋሽፍቷ ግን ይንቀጠቀጣል።

"ይሄ ምንድነው?"

ዓይኗን አልገለጠችም። "አንተ ሃምሳ ስምንት ነህ" አለች። "እንዳትቀንስ ነው።"

ብረቱን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ሊያስቀምጠው ነበር። ተወው። ውሃውን አምጥቶ ተመልሶ ተቀመጠ፤ ጃኬቱ በቀኝ በኩል ወደ ታች ወርዶ፣ ትከሻውን እያዘመመ።

ሰኞ ጠዋት ነርሷ መጣች። በዚህ ጊዜ ልጅቱ ብቻዋን ሚዛኑ ላይ ወጣች፤ አባቷ ከፊቷ ባለው ወንበር ላይ እንዲቀመጥ ግን አስቀድማ ለመነችው። ውጭ መንገዱ ላይ ከባድ መኪናዎች ወደ መጋዘኑ አቅጣጫ እያጓሩ ያልፋሉ። መርፌው ተወዛወዘ፤ ከቅዳሜው ግማሽ ዝቅ ብሎ ቆመ። አሥራ ዘጠኝ።

ልጅቱ እንደ ልማዷ መርፌውን ትታ ፊቱን አየች።

"ቀነስኩ" አለች።

"አዎ" አለ። "ቀንሰሻል።"

ሌላ መኪና አለፈ። ትንፋሿን ይዛ ጠበቀችው። ከወንበሩ አልተነሣም።